የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ ዘረመል

የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ የቤት አሳማንና የአውሮፓና የእስያን የዱር አሳማ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ የሚገድል፣ ከከርከሮ ጋር ግን ሳያሳምመው አብሮ የሚኖር የዲኤንኤ ቫይረስ ነው። በመዥገር አካል ውስጥ ተባዝቶ ወደ እንስሳ የሚሻገር ሌላ የዲኤንኤ ቫይረስ እስካሁን አይታወቅም። ሰውን አይዝም። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የገለጸው የእንስሳት ሐኪሙ ሮበርት ዩስተስ ሞንትጎመሪ ነው። ነጭ ሰፋሪዎች ወደ ኬንያ ያስገቧቸው አሳማዎች ከ1910 ገደማ ጀምሮ እንደ ቅጠል ሲረግፉ ያየውን በ1921 አሳተመ፤ የበሽታው ምንጭ ከርከሮ መሆኑንም ጠቆመ። ዛሬ ቫይረሱ «አዲስ ብቅ ያለ» እየተባለ ይጠራል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን እንግዳው አሳማው ነበር፤ ቫይረሱ ከመዥገርና ከከርከሮ ጋር የኖረበትን ዘመን ቆጥሮ የጨረሰው የለም።

የጂኖሙ አሠራር

ጂኖሙ ባለ ሁለት ክር ዲኤንኤ ሲሆን ርዝመቱ እንደየዝርያው ከ170 ሺህ እስከ 190 ሺህ በላይ ጥንድ ቤዞች ይደርሳል። የኮቪድ-19 ቫይረስ ጂኖም ወደ 30 ሺህ ቤዞች ብቻ መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ የግዝፈቱን ልክ ይረዳዋል። ሁለቱ ክሮች በሁለቱም ጫፍ ታጥፈው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ክፍት ጫፍ የለውም። ቫይረሱ የሚባዛው በዋናነት ማክሮፌጅ በሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። በሕዋሱ ኒውክለስ ያሉትን መሣሪያዎች ስለማይጠብቅም ዘረመሉን የሚያነብበትንና የተበላሸ ዲኤንኤ የሚጠግንበትን ኢንዛይም ራሱ ይዞ ይዞራል። ከ150 የማያንሱ ጂኖች የሚያስፈልጉት በከፊል ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ የተነበበው ጂኖም ቢኤ71ቪ የተባለው የስፔን ዝርያ ሲሆን ሥራው በ1995 ታተመ፤ ርዝመቱ 170,101 ጥንድ ቤዞች፣ ጂኖቹም 151 ሆነው ተቆጠሩ። ሆኖም ይህ ዝርያ በቤተ ሙከራ በጦጣ ሕዋስ ላይ እንዲያድግ የተለማመደ በመሆኑ ከጫፉ ብዙ ጎድሎበታል። በ2007 ጆርጂያ ውስጥ የተገኘው ዝርያ 190 ሺህ ያህል ነው። የሃያ ሺውን ልዩነት ተራ ጉድለት አድርጎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል፤ የቫይረሱ ገዳይነት በከፊል ተጽፎ የሚገኘው እዚያው ጫፍ ላይ ነውና።

የጂኖሙ መካከል ከዝርያ ዝርያ ብዙም አይለዋወጥም። በሁለቱ ጫፎች ግን እየተባዙ የተከማቹ፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ የጂን ቤተሰቦች ተደርድረዋል፤ 100፣ 110፣ 300፣ 360 እና 505 በሚሉ ቁጥሮች ይለያሉ። ቁጥራቸው አንዱ ዝርያ ላይ ሲጨምር ሌላው ላይ ይቀንሳል። ከ360 እና ከ505 ቤተሰቦች አንዳንዶቹ የአሳማው ሕዋስ ኢንተርፌሮን የተባለውን የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን እንዳያመርት ያፍኑታል። ቫይረሱ በ2014 ኢስቶኒያ ሲደርስ ከዱር አሳማ የተገኘ አንድ ዝርያ በግራ ጫፉ ከ14 ሺህ በላይ ጥንድ ቤዞች ጎድለውት ተገኘ። ይህ ዝርያ ከዘመዶቹ ይልቅ ለዘብ ያለ ነበር።

ሌላው ብዙ የተጠና ጂን ሲዲ2ቪ የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ነው። ፕሮቲኑ በአሳማው የራሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የሚገኘውን ሲዲ2 የተባለ ፕሮቲን ይመስላል። የተያዘው ሕዋስ ይህን ፕሮቲን በላዩ ሲያወጣ ቀይ የደም ሕዋሳት ከበውት ይጣበቁበታል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዶቃ የተጠለፈበት ይመስላል። ከ1960 ወዲህ ላቦራቶሪዎች በሽታውን ከሌላ የአሳማ ትኩሳት የሚለዩበት አንዱ ምልክት ይህ ነበር። ነገር ግን በ2017 ላትቪያ ውስጥ ከዱር አሳማ የተገኘ ዝርያ ጂኑ ተቆርጦበት ስለነበር ቀይ የደም ሕዋስ አይለጥፍም፤ ገዳይነቱም ቀንሶ ነበር። ለዘብተኛ ቫይረስ መልካም ዜና ይመስላል። ለእንስሳት ሐኪም ግን ሞቶ ከተገኘ አሳማ ይልቅ ታሞ ዳር ዳሩን የሚዞር አሳማ የባሰ ራስ ምታት ነው።

ከርከሮ፣ መዥገርና የቤት አሳማ

በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ቫይረሱ የሚኖረው በከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ገና የተወለዱ ግልገሎች ኦርኒቶዶሮስ በተባለው ለስላሳ መዥገር ሲነከሱ ቫይረሱ ለጥቂት ጊዜ በደማቸው ይዞራል፤ ሌላ መዥገር ከእነርሱ ይመጥጣል፤ ግልገሎቹም ሳይታመሙ ያድጋሉ። የአፍሪካ የዱር አሳማም እንዲሁ በሽታውን ይችላል። (በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘው ንዑስ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ ላይ «ሃሳማ» የሚል ቃል ይዟል፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።) የአውሮፓው የዱር አሳማ ግን ከቤት አሳማ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ስለዚህ እኩል ይሞታል።

ከርከሮ ለምን እንደማይታመም ለማወቅ ተመራማሪዎች የእንስሳውን የራሱን ዘረመል ፈትሸዋል። ሬላ በተባለው፣ የሰውነት መቆጣትን በሚመራ ጂን ላይ በከርከሮና በአሳማ መካከል ትንሽ ልዩነት ተገኘ። በስኮትላንድ የሮስሊን ተቋም ሳይንቲስቶች የአሳማን ጂን ወደ ከርከሮው ቅርጽ አርመው አሳማዎች አሳደጉ። በ2020 የታተመው ውጤት አሳማዎቹ ከሞት እንዳልዳኑ አሳየ። የከርከሮ ምሥጢር በአንድ ጂን የሚፈታ አልሆነም።

ጂኖታይፕ፦ በጠባብ መስኮት የታየ ቤት

የቫይረሱን ዝርያዎች ለመለየት ለዓመታት ያገለገለው የፒ72 ጂን ጫፍ ነው። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን የቫይረሱን ቅርፊት ይገነባል። ከጂኑ የሚነበበው ቁራጭ ግን ጥቂት መቶ ቤዞች ብቻ ነው፤ ከ190 ሺው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚህ ዘዴ 24 ጂኖታይፖች ተቆጥረዋል፤ ሁሉም በአፍሪካ ይገኛሉ፣ አብዛኞቹም በምሥራቅና በደቡብ። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ሙሉውን ጂን መርምሮ ቁጥሩ ወደ 6 ዝቅ እንዲል ሐሳብ አቀረበ።

በኢትዮጵያ ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በቤት አሳማዎች ላይ በተነሡት ወረርሽኞች የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሲነበቡ ከዚያ በፊት ከታወቁት ከየትኛውም ጋር አልገጠሙም። ጂኖታይፕ 23 ተባሉ። የቅርብ ዘመዶቻቸው በምሥራቅ አፍሪካ የሚታወቁት 9 እና 10 ናቸው። በሃይማኖት ምክንያት አሳማ እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር ራሱን የቻለ ጂኖታይፕ መገኘቱ የሚያስደንቅ ቢመስልም፣ ከርከሮው ግን በየበረሃው አለ፤ ቁጥሩ 24 የሆነው ናሙና እስከተወሰደበት ድረስ ብቻ ነው።

ከአፍሪካ ወጥተው የተስፋፉት ሁለት ጂኖታይፖች ናቸው። ጂኖታይፕ 1 በ1957 ሊዝበን ገባ፤ ከ1960 ጀምሮ በአይቤሪያ ምድር ለአሥርት ዓመታት ቆየ፤ ኩባን፣ ብራዚልን፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክንና ሄይቲን አዳረሰ፤ ከሰርዲኒያ በቀር ከአውሮፓ በ1990ዎቹ ጠፋ። ጂኖታይፕ 2 በ2007 በጆርጂያ የፖቲ ወደብ አካባቢ ታየ፤ የቅርብ ዘመዶቹ በሞዛምቢክ፣ በማዳጋስካርና በዛምቢያ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሩሲያ፣ በ2014 ወደ ባልቲክ አገሮችና ፖላንድ፣ በነሐሴ 2018 ወደ ቻይና ተሻገረ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ጂኖሙ የተለወጠው ጥቂት ነው። ከአርኤንኤ ቫይረሶች አንጻር ቀርፋፋ ስለሆነ ፈለጉን ለመከተል ፒ72 አይበቃም፤ ተመራማሪዎች በጂኖች መካከል የሚደጋገሙ አጫጭር ቅደም ተከተሎችን ወይም ሙሉ ጂኖሙን ማንበብ ይገደዳሉ።

ቅይጡ

በ2021 ቻይና ውስጥ ጂኖታይፕ 1ም ተገኘ። ሁለቱ በአንድ አገር ሲገናኙ የሚፈራው ደረሰ፦ በ2021 እና 2022 በጂያንግሱ፣ በሄናንና በውስጠኛው ሞንጎሊያ ከተገኙ ናሙናዎች የሁለቱ ጂኖም ቁርጥራጮች የተቀላቀሉበት ቫይረስ ተነበበ፤ ግኝቱ በ2023 ታተመ። በፒ72 መስኮት ሲታይ ይህ ቫይረስ ጂኖታይፕ 1 ነው። ገዳይነቱን ያመጡለት የ360 እና የ505 ቤተሰብ ጂኖችና የሲዲ2ቪው ጂን ግን የጂኖታይፕ 2 ናቸው። በስሙ ብቻ ያወቀው ላቦራቶሪ ተታሎ ይቀራል ማለት ነው። ቅይጡ በኋላ በቬትናምና በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅም ተገኝቷል።

ሕያው ክትባት የሚሠራው ከቫይረሱ ጂኖች አንዱን ወይም ጥቂቶቹን በመቁረጥ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ከጆርጂያው ዝርያ አይ177ኤል የተባለ ጂን አውጥተው ያዳከሙት ቫይረስ በ2022 በቬትናም ፈቃድ አግኝቷል፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የ360 እና የ505 ጂኖች የተቀነሱበት ነው። በቻይና የተሞከረ ከጂኖታይፕ 2 የተሠራ ሕያው ክትባት አሳማዎችን ከቅይጡ አላዳናቸውም። ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ የቬትናም ክትባቶችም መነሻቸው ጂኖታይፕ 2 ነው።