ደንብ ከየማሽኑ እስኪደርስ፦ የኮንቴይነር ደኅንነት ፕሮፋይል ታሪክ

የኮምፒውተር አገልግሎት በአንድ ማሽን መወሰኑ ቀርቶ በብዙ ማሽኖች ላይ መዘርጋት ከጀመረ ወዲህ የደኅንነት ሥራ ሁለት ጥያቄዎችን ማስተናገድ ግድ ሆኖበታል፤ አንደኛው አንድ ፕሮግራም ምን እንደሚፈቀድለት መወሰን ሲሆን፣ ሁለተኛው ውሳኔው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ማሽን ሁሉ ሳይጓደል መድረሱን ማረጋገጥ ነው። የዘርፉ ታሪክ እንደሚያሳየው የመጀመሪያው ጥያቄ ቀድሞ መልስ ሲያገኝ፣ ሁለተኛው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ፕሮግራምን በወሰን የማጠር ሥራ መነሻ የዩኒክስ ሥርዓት ነው። በ1979 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታት የሚቆጠሩት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም አንድን ፕሮግራም ከተወሰነ የፋይል ማውጫ ውጭ እንዳያይ የሚያደርግ ክሩት የተባለ ትእዛዝ ይዞ ነበር፤ በ2000 ደግሞ ፍሪቢኤስዲ ጄይል ብሎ የሰየመው ዘዴ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የመረብ አድራሻውንና የተጠቃሚውን ሥልጣን ጭምር ለየብቻ ከለለ። ሆኖም እነዚህ ዘዴዎች ፕሮግራሙ የት እንደሚቀመጥ እንጂ በዝርዝር ምን እንደሚሠራ አይወስኑም ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡት የደኅንነት ፕሮፋይሎች ናቸው፤ ፕሮፋይል ማለት ፕሮግራሙ የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት፣ የትኛውን ሥልጣን እንደሚጠቀምና ምን ዓይነት ጥሪ እንደሚያቀርብ የሚዘረዝር፣ የሚያስከብረውም ከርነል፣ ማለትም ማህደረ ትውስታን፣ ፋይልንና መረብን የሚያስተዳድረው የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነ ደንብ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ኤስኢሊኑክስን በ2000 መጨረሻ ለሕዝብ ለቀቀ፤ ክሪስፒን ካወንና ባልደረቦቹ በኢሙኒክስ ኩባንያ ያዘጋጁት ሰብዶሜይን ደግሞ ኖቬል ኩባንያውን በ2005 ከገዛ በኋላ አፕአርመር ተብሎ፣ በ2010 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። በዚያው በ2005 አንድሪያ አርካንጄሊ ያስገባው ሴክኮምፕ በመጀመሪያ ለፕሮግራሙ አራት የሥርዓት ጥሪዎችን፣ ማለትም ከርነሉን ሥራ ለማሠራት የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ብቻ የሚፈቅድ ሲሆን፣ በ2012 ጥሪዎችን በዝርዝር የሚያጣራ ሆኖ ተሻሻለ።

በ2013 ዶከር ኮንቴይነርን በሰፊው ካስተዋወቀ በኋላ ደንቦቹ የበለጠ አስፈላጊ ሆኑ፤ ምክንያቱም ኮንቴይነር ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር የሚጠቀልል ቢሆንም የራሱ ከርነል የለውም፣ የማሽኑን ከርነል ከጎረቤቶቹ ጋር ይጋራል፤ ከርነሉ ከተደፈረም ሁሉም ይደፈራሉ። ዶከር በ2016 ከሦስት መቶ በላይ ከሆኑት የሥርዓት ጥሪዎች ወደ 44 የሚጠጉትን የሚዘጋ ፕሮፋይል በነባሪነት፣ ማለትም ማንም ሳያዝ የሚሠራ አድርጎ ሰጠ።

በ2014 ጎግል ያስተዋወቀው ኩበርኔቲስ ግን ሌላ ችግር አመጣ። ኩበርኔቲስ በክላስተር፣ ማለትም ተቀናጅተው በሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ ላይ ኮንቴይነሮችን ይመድባል፤ እያንዳንዱ ማሽን ኖድ ይባላል። ከ2016 ጀምሮ የአፕአርመር ፕሮፋይልን ስም ለኮንቴይነር መስጠት ቢቻልም፣ ፕሮፋይሉን በየኖዱ ከርነል መጫን የአስተዳዳሪው ሥራ ሆኖ ቀረ፤ ኮንቴይነሩን የሚመድበው ክፍል የትኛው ኖድ የትኛው ፕሮፋይል እንዳለው ስለማያውቅ፣ ፕሮፋይሉ በሌለበት ኖድ ላይ የተመደበ ሥራ ሳይነሣ ይቀር ነበር። ስለዚህ በየኖዱ አንድ አንድ እየሆነ በሚሠራው ዴሞንሴት ፕሮፋይሉን ማድረስ የተለመደ መፍትሔ ሆነ። በ2020 በኩበርኔቲስ ሥር የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት ደግሞ ሥራውን ኦፕሬተር ለሚባል ተቆጣጣሪ ፕሮግራም አስረከበ፤ ፕሮፋይሉ በክላስተሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ኦፕሬተሩ በየኖዱ ያደርሰዋል፣ የሚሠራን ፕሮግራም ተከታትሎም ፕሮፋይል ይቀርጽለታል።

የክፍተቱ ዋጋ በጥር 2022 ግልጽ ሆነ። በሊኑክስ ከርነል የተገኘውና ሲቪኢ 2022-0185 የሚል መለያ የተሰጠው ስሕተት ከኮንቴይነር ወደ ማሽኑ ለመውጣት ያስችል ነበር፤ የዶከር ነባሪ ፕሮፋይል ለጥቃቱ የሚያስፈልገውን ጥሪ የሚዘጋ ቢሆንም፣ ኩበርኔቲስ ያንን ጥበቃ በነባሪነት አያስከብርም ነበርና ደንቡ ተጽፎ ሳለ ከብዙ ክላስተሮች አልደረሰም። ነባሪውን ፕሮፋይል በኖዱ ላሉ ሥራዎች ሁሉ የማስከበር የኩበርኔቲስ አማራጭ በ2023፣ የአፕአርመር ድጋፍ ደግሞ በ2024 ሙሉ ብስለት ላይ ደርሰዋል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዓ.ም. የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተው ባንጋሎር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በ2018 በተጀመረው ሞሲፕ ላይ ነው፤ ሞሲፕም በኩበርኔቲስ ላይ እንዲዘረጋ የተዘጋጀ፣ የበርካታ ጥቃቅን አገልግሎቶች ስብስብ ነው። የመመዝገቢያ ፕሮግራሙ የኢንተርኔት መስመር በሌለበትም መረጃውን አመስጥሮ መያዝ እንዲችል ተደርጎ ቢሠራም፣ በከምባታ ዞን ዶዮገና ወይም በሆሳዕና አሻራውን የሚሰጥ ነዋሪ መረጃው መጨረሻ የሚያርፈው ከወረዳው ርቆ በማዕከል ባሉ ማሽኖች ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. መረጃውን የያዘ አካል ተገቢውን የቴክኒክና የአስተዳደር ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ሆኖም አዋጁ ግዴታውን የሚጥለው በተቋሙ ላይ ሲሆን፣ ግዴታው የሚፈጸመው ወይም የሚጓደለው በየኖዱ ነው። ስለሆነም ለዶዮገናው ነዋሪ ዋስትና የሚሆነው የተሻለ ደንብ መጻፉ ብቻ ሳይሆን፣ አዲስ ማሽን በተጨመረ ቁጥር ያው ደንብ በላዩ መጫኑን የሚያረጋግጥ አሠራር መኖሩ ነው።