ካርዱ ምን ይላል?

ድሮ ጎጃም ውስጥ የልጅ መማር በወረቀት አይነገርም፤ በጆሮ ይሰማ ነበር። ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ ልጁ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ይደግሳል፤ የኔታም ይመርቃሉ። አባት ፊደል ባይቆጥርም የልጁን ንባብ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ምስክሩ የልጁ አንደበት ነው።

በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በምኒልክ ትምህርት ቤት የተጀመረው ዘመናዊ ትምህርት እያደር ገጠር ሲገባ ካርድ ይዞ መጣ። ሰኔ ላይ፣ አባት ከሞፈር ከቀንበሩ ጋር ሲታገል፣ ልጁ አማካይ ውጤትና ደረጃ የተጻፈበት ወረቀት ያመጣል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ማንበብ ለማይችል አባት ካርዱን የሚያነብለት ራሱ ባለካርዱ ነው! ወድቆ «ተዛውሬያለሁ» ቢልስ ማን ያጣራል?

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ወላጆችን ፊደል አስቆጠረ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሳይደግም እንዲዛወር ተደረገ። መቼም የእኛ ነገር፣ ወላጅ ካርዱን ማንበብ ሲጀምር ካርዱ የሚነግረው አነሰ። «ተዛውሯል» ይላል፤ ማንበብ ይችል እንደሆነ ግን አይልም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ካርድ ሳያዩ ሰኔ ያለፈባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። በሩ ሲከፈት መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሰኔ ላይ ወላጁን ጥሩት፣ ልጁ ፊቱ ቆሞ አንድ ገጽ ያንብብለት። ካርዱ ከዚያ በኋላ ይድረሰው።