«ማካሌ»፦ ያለ ጥይት የጠፋችው ሰርጓጅ መርከብ

በቤልጅየም መኮንኖች የሚመሩ የኮንጎ ወታደሮች ከሱዳን ተሻግረው አሶሳን ከጣሊያን ያስለቀቁት መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ «ጉሊየልሞቲ» የተባለችው የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ ምፅዋን ለቅቃ ወጥታለች። በምዕራብ ጠረፍና በቀይ ባሕር ላይ የወደቀው መንግሥት አንድ ነው፤ የባሕሩ ውድቀት ግን ቀድሞ ጀምሯል።

የመጀመሪያዋ ሟች «ማካሌ» ናት፤ ስሟ ከእኛው መቀሌ የተወሰደ። በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የውኃውን ምንጭ አስይዘው፣ ጣሊያኖች መቀሌ ላይ የሠሩትን ምሽግ በጥም አስለቅቀዋል። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን መልሰው የያዙት ጣሊያኖች፣ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ላ ስፔዚያ ላይ ወደ ባሕር ላወረዷት ሰርጓጅ ስሟን ሰጡ። አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴና ተምቤን የሚባሉ እህቶችም ነበሯት።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነት ስታውጅ «ማካሌ» ከምፅዋ ተነስታ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ሄደች። በቀይ ባሕር ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ ከውኃ በታች መቆየት አይቻልም፤ ማቀዝቀዣዋ የሚሠራበት ሜቲል ክሎራይድ ግን ሽታው የማይታወቅ መርዝ ነው። ጋዙ አፈትልኮ መርከበኞቹን አዞራቸው፣ አእምሯቸውንም አሳታቸው። አቅጣጫዋን የሳተችው መርከብ ሰኔ 8 ሌሊት በሱዳን ጠረፍ ባር ሙሳ ከቢር ከተባለች ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ተላትማ ቆመች፤ ኋላም ወደ ጥልቁ ተንሸራትታ ሰጠመች። ጠላት አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰባትም።

ሠራተኞቿ ውኃ በሌለባት ደሴት ላይ ቀሩ። ሦስቱ በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሄዱ፤ ሰኔ 15 ቀን «ጉሊየልሞቲ» ደርሳ የተረፉትን አነሳች። ደሴቲቱ ላይ የተቀበረው አንድ መርከበኛ አጽሙ ወደ አገሩ የተመለሰው ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ምፅዋ ከነበሩት ስምንት ሰርጓጆች አራቱ በዚያው ወር ጠፉ። ስዌዝ በእንግሊዝ እጅ ስለነበር ምትክ አልመጣም። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የየብሱ ጦር መክበብ ጀመረ፦ ከሰሜን በከረን የእንግሊዝ ጦር፣ በኦሜድላ የገቡት ንጉሠ ነገሥትና አርበኞች በጎጃም፣ በአሶሳ በኩል ደግሞ የኮንጎ ወታደሮች። የተረፉት አራቱ ሰርጓጆች በየካቲት መጨረሻ ምፅዋን ለቅቀው፣ በመንገድ የጀርመን መርከቦች ነዳጅ እያቀበሏቸው አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ ቦርዶ ገቡ። ምፅዋ እጇን የሰጠችው መጋቢት 30 ነው።

ሰርጓጅ መርከብ ከባሕር በታች ቢሄድም የሚኖረው በወደብ ነው፤ ወደቡን የሚያኖረው ደግሞ ከጀርባው ያለው አገር ነው። ጣሊያን የከተሞቻችንን ስም በብረት ላይ ጽፋ ባሕር ላይ ብታሰማራም፣ ከተሞቹን ይዛ ለመቆየት አልቻለችም።