ዓይን በመጽሐፍ ላይ የሚሄድበት መንገድ

ይህን መስመር ስታነቡ ዓይናችሁ እንደ ወንዝ ውሃ ሳያቋርጥ የሚፈስ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዓይን በአንድ ስፍራ የሰከንድ ሩብ ያህል ያርፍና እንደ ፌንጣ ወደሚቀጥለው ይዘላል፤ ሲቸግረውም ወደ ኋላ ይመለሳል። ፊደሉን የሚለየው ባረፈበት ጊዜ እንጂ በዝላዩ ቅጽበት አይደለም።

ይህ ምሥጢር የተገለጠው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በፓሪስ ኤሚል ዣቫል የተባለው የዓይን ሐኪም፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1878 እና በ1879 ዓ. ም. ስለ ንባብ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። (ይኸው ሰው ኋላ በግላኮማ በሽታ ዓይኖቹ ጠፍተው፥ ለዓይነ ስውራን የሚረዳ መጽሐፍ መጻፉ ያስደንቃል።) በአሜሪካም ኤድመንድ ሂዊ በ1898 ዓ. ም. ከጄሶ የተሠራ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ክዳን በአንባቢው ዓይን ላይ አኖረ፤ ከክዳኑ ጋር የተያያዘውም ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ የዓይኑን እንቅስቃሴ በጥላሸት በተቀባ ከበሮ ላይ ይጽፍ ነበር። ዓይኑ እንዳይታመም አስቀድሞ በመድኃኒት ይደነዝዛል። ለሕፃን ተማሪ ይህን ማን ይፈቅዳል? ደግነቱ ሬይመንድ ዶጅና ባልደረባው ክላይን በ1901 ዓ. ም. ዓይንን ሳይነኩ፥ ከዓይን ላይ የሚንፀባረቀውን ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣት ቻሉ።

ጥናቱ ወደ ሕፃናት ሊደርስ የቻለው በዚህ መንገድ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጋይ በዝዌል በ1922 ዓ. ም. ባሳተመው ሥራ፥ ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት እስከ ኮሌጅ ተማሪዎች ድረስ ያሉትን አንባቢዎች ዓይን በፊልም ቀርፆ አወዳደረ። ጀማሪው በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ ያርፋል፥ ደጋግሞም ይመለሳል፤ የሠለጠነው ግን በጥቂት ዕረፍት ያልፋል። እንግዲህ «ልጁ ሰነፍ ነው» ብሎ ከመፍረድ ይልቅ፥ የተደናቀፈበትን ስፍራ ለይቶ ማየት ተቻለ።

በዛሬው ጊዜ በፊልሙ ፈንታ የሚሠራው በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃንና ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዘ ካሜራ ነው። ሲድኒ ዲሜሎና ባልደረቦቹ በ2012 ዓ. ም. ጌዝ ቲውተር ስለ ተባለ የማስተማሪያ ፕሮግራም ጽፈዋል፤ ተማሪው ዓይኑን ከትምህርቱ ሲያነሣ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው መምህር ተናግሮ ይመልሰዋል። በእርግጥም ዓይኑ ተመልሷል፤ የትምህርቱ ጥቅም ግን ለሁሉ እኩል አልሆነም።

ይህ ሊያስገርመን አይገባም። ዓይን በአንድ ቃል ላይ ሲዘገይ ቃሉ ከብዶት ይሁን ወይም ደስ ብሎት፥ ካሜራው አያውቅም። መስኮት መስኮቱን የሚያየውም ልጅ የሰማውን እያሰላሰለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፕሮግራም በሚገባበት ክፍል መምህሩ ልጁን ቀርቦ «ምኑ ላይ ቸገረህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርለትም፤ የልጁም የዓይን መዝገብ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፥ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ወላጆቹ ሊያውቁት ይገባል።