የተማሪዋ ሰዓት የማን ነው? የጎልድማርክ ጥናትና የነርሲንግ ዘርፍ በጤና ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ

1. መነሻ

አንድ የጤና ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር ተከልሶ የነርሲንግ ዘርፍ እንዲካተትበት ሲታሰብ ለክለሳ ኮሚቴው አስቀድሞ የሚቀርበው የኮርስ ዝርዝር ነው። ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ የምርምር ዘዴና የጤና ሥርዓት አስተዳደር በጋራ ይሰጣሉ። በእነርሱ ላይ ነርሲንግ የሚል ስም ያላቸው ጥቂት ኮርሶች ይጨመራሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፉም ከሙያው ጋር እንዲገናኝ ይደረጋል። ክሬዲቱ ተደምሮ ሲሞላ ሰነዱ ለሴኔት ይላካል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ አሠራሩ የሚነሣው ከተሳሳተ ጥያቄ ነው የሚል ነው። ነርሷ ምን ትማራለች ከማለት በፊት የምትማርበትን ሰዓት የሚያዝዘው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ጆሴፊን ጎልድማርክ በማስረጃ አስደግፈው አንሥተውት ነበር። ስማቸው ዛሬም ይጠቀሳል፤ ጥያቄያቸው ግን ተረስቷል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

2. የቀደሙ ጽሑፎች

ስለ ነርሲንግ ድህረ ምረቃ ትምህርት ከተጻፈው ከአብዛኛው ጋር ልዩነት የለኝም። ባርባራ ካርፐር በ1978 የነርሲንግ ዕውቀት ከሳይንሳዊ መረጃ ሌላ ጥበብን፣ ሥነ ምግባርንና ራስን ማወቅን እንደሚያካትት አሳይተዋል። ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 ባሳተሙት ሥራ ብቃት በተግባር ልምድ ደረጃ በደረጃ እንደሚገነባ አስረድተዋል። ሂልደጋርድ ፔፕላው በ1950ዎቹ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ጤና ነርሲንግን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምረዋል፤ ሎሬታ ፎርድና ሄንሪ ሲልቨር ደግሞ በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠናን መሥርተዋል። ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቻቸው በ2003 በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ነጥብ ከፍ ባለበት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ የሞት ዕድል በ5 በመቶ ገደማ ዝቅ እንደሚል አግኝተዋል። ዓለም አቀፍ የነርሶች ምክር ቤት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለከፍተኛ የነርሲንግ አገልግሎት ዝቅተኛው መመዘኛ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲሆን መክሯል። እነዚህን ሁሉ እቀበላለሁ። ክርክሬ ከአንድ ሰነድ ጋር ነው።

3. የላንሴት ኮሚሽን ታሪክ አተራረክ

ጁሊዮ ፍሬንክና ሊንከን ቼን በጋራ የመሩት፣ 20 አባላት ያሉት ኮሚሽን በ2010 በላንሴት መጽሔት ስለ ጤና ባለሙያዎች ትምህርት ሰፊ ሪፖርት አወጣ። የዛሬዎቹ የክለሳ ሰነዶች የሚናገሩት ቋንቋ በብዛት የተቀዳው ከዚህ ሪፖርት ነው፤ በብቃት ላይ የተመሠረተ ትምህርት፣ የሙያዎች የጋራ ትምህርት፣ በሙያዎች መካከል ያለውን አጥር ማፍረስ የሚሉት ሐሳቦች በእርሱ አማካይነት ገንነዋል። ሪፖርቱ ትልቅ ሥራ ነው። ሦስት ነገሮቹን ግን አልቀበልም።

የመጀመሪያው የትውልድ ሐረጉ ነው። ኮሚሽኑ የትምህርት ተሐድሶን በሦስት ትውልድ ይከፍላል፤ ሳይንስን መሠረት ያደረገ፣ ችግር ፈቺ ትምህርትን መሠረት ያደረገና የጤና ሥርዓትን መሠረት ያደረገ። በአንደኛው ትውልድ ሥር የአብርሃም ፍሌክስነርን የ1910 የሕክምና ትምህርት ሪፖርት፣ የ1915ቱን የዌልችና ሮዝ የሕዝብ ጤና ሪፖርትና የ1923ቱን የጎልድማርክ ሪፖርት ጎን ለጎን ያሰልፋቸዋል። በዚህ አሰላለፍ ጎልድማርክ የነርሲንግ ፍሌክስነር ይሆናሉ። ፍሌክስነር ትምህርት ቤቶቹን የመዘኑት በላቦራቶሪያቸው፣ በመምህራኖቻቸውና በመግቢያ መስፈርታቸው ነበር። ጎልድማርክ የያዙት መለኪያ ሌላ ነው፤ ከዚህ በታች አሳየዋለሁ።

ሁለተኛው የቆጠራው ጉዳይ ነው። ኮሚሽኑ በዓለም ላይ 2,420 የሕክምና ትምህርት ቤቶችና 467 የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤቶች ወይም ክፍሎች አሉ ይላል። የነርሲንግ ተቋማትን በተመለከተ ግን ቁጥራቸው የማይታወቅ ብሎ ያልፋል። ከጤና ባለሙያዎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው ሙያ ትምህርት ቤቶቹ ሳይቆጠሩ የሙያዎች የጋራ ትምህርት ታወጀ ማለት ነው። ሪፖርቱ አንድ ሐኪም ለማስመረቅ በአማካይ 113,000 ዶላር፣ አንድ ነርስ ለማስመረቅ ደግሞ 46,000 ዶላር እንደሚወጣም ገምቷል። ልዩነቱ ከሥልጠናው ርዝመት ሊመጣ ይችላል። ተማሪዋ በልምምድ ስም ለሆስፒታሉ የምትሰጠው ጉልበት በዚህ ስሌት ውስጥ የት እንደገባ ግን አይታይም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚብሰው፣ የመፍትሔው ጉዳይ ነው። በፍትሕ ለመናገር ኮሚሽኑ በሙያዎች መካከል ያለውን የፆታ መበላለጥና ትምህርት ወደ ሆስፒታል ማዘንበሉን ከድክመቶቹ መካከል ጠቅሷል። መፍትሔው ግን አጥሩን ማፍረስ ላይ ያተኩራል። አጥር ሲፈርስ ሁሉም ወገን እኩል አይጠቀምም፤ የራሱ በጀት፣ የራሱ ኃላፊና የራሱ ሰዓት ያልነበረው ሙያ ከአቅመኛው ጋር ሲቀላቀል የሚጠፋው እርሱ ነው። የነርሲንግ ዘርፍ በጤና ሳይንስ ዲግሪ ውስጥ የምርጫ ኮርሶች ጥቅል ሆኖ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

4. ያልተነበበው ክፍል

ጎልድማርክ ነርስም ሐኪምም አልነበሩም፤ የሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚያጠኑ ተመራማሪ ነበሩ። በ1908 ሙለር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ላይ ባቀረበው ይግባኝ የሴቶችን የሥራ ቀን በ10 ሰዓት የሚገድበው ሕግ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲጸና፣ ሉዊስ ብራንዳይስ ያቀረቡትን የማስረጃ ሰነድ ያጠናቀሩት እርሳቸው ናቸው። በ1912 ያሳተሙት መጽሐፍም ድካም በሥራ ውጤት ላይ ስላለው ጫና ነው። ወደ ነርሲንግ የመጡት ይህን መለኪያ ይዘው ነው።

ሥራው የተጀመረው በ1918 መጨረሻ ሮክፌለር ፋውንዴሽን በጠራው ስብሰባ ነው። ለጥናቱ የተቋቋመውን ኮሚቴ የመሩት በዬል የሕዝብ ጤና ፕሮፌሰር የነበሩት ቻርልስ ኤድዋርድ ዊንስሎ ናቸው። መነሻ ጥያቄው ለሕዝብ ጤና ነርሶች ምን ዓይነት ሥልጠና ያስፈልጋል የሚል ነበር፤ በ1920 ወደ ነርሲንግ ትምህርት በሙሉ ሰፋ። ይህን አጽንቼ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በጤና ሳይንስ ዲግሪ ውስጥ የነርሲንግ ዘርፍ ሲታሰብ የሚነሣው ጉዳይ ያኔ የተነሣው ራሱ ነው፤ ሕዝብ ጤናና ነርሲንግ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ይማራሉ?

በ1923 የታተመው ጥራዝ ሁለት ክፍል አለው። ፊት ያለው የኮሚቴው ሪፖርት ከአሥር መደምደሚያዎቹ ጋር ነው፤ ቀጥሎ ያለው የጎልድማርክ የመስክ ጥናት ነው። ጠቃሾች የሚጠቅሱት አሥሩን መደምደሚያዎች ነው። ክርክሩ ግን የቆመው በመስክ ጥናቱ ላይ ነው። ጥናቱ ተማሪዎቹን በዋርድ ውስጥ ተከታትሎ ቀናቸውን በሰዓት ይበትነዋል። የተገኘው ውጤት ግልጽ ነው። የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ የሆስፒታሉ ነው፤ ተማሪዋም የሆስፒታሉ የሥራ ኃይል ናት። ወዴት እንደምትመደብ የሚወስነው የዋርዱ የሰው እጥረት ነው። ስለዚህ በአንዱ ክፍል ከሚገባው በላይ ትቆያለች፤ በሌላው፣ በተለይ በተላላፊ በሽታና በአእምሮ ሕሙማን ክፍል፣ ጭራሽ ሳትገባ ትመረቃለች። ቀድሞ የተማረችውን ጽዳትና መላላክ ደጋግማ ትሠራለች፤ ለክፍል ትምህርት የምትቀመጠው ከረጅም ፈረቃ በኋላ ደክማ ነው።

ከዚህ የመጣው ምክር ለዛሬ ከላሾች ትልቅ ትምህርት አለው። ሪፖርቱ ትምህርታዊ ፋይዳ የሌለው ሥራ ቢወጣ የሦስት ዓመቱ ሥልጠና በ28 ወር ሊያልቅ እንደሚችል አሳየ። ጥራትን ያገኘው ኮርስ በመጨመር ሳይሆን የባከነ ሰዓት በመቀነስ ነው። አሥረኛው መደምደሚያ ደግሞ ለነርሲንግ ትምህርት የራሱ ቋሚ ገንዘብ እንዲመደብለት ይጠይቃል። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ለሕልውናው በተማሪዋ ጉልበት ላይ ከተመረኮዘ ሰዓቷን ነጻ ሊያደርግላት አይችልም። ፍሌክስነር ላይ የተገነባው ንባብ ይህን ቁም ነገር ሊያይ አይችልም፤ የሕክምና ተማሪ የሆስፒታል የደመወዝ መዝገብ ምትክ ሆኖ አልቀረበለትምና።

5. ማስረጃዎች

ሁለት የአሜሪካ ተቋማት ነጥቡን ያጸናሉ። የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1909 የነርሲንግ ትምህርት ቤት ሲከፍት በሕክምና ትምህርት ሥር አስገብቶት ነበር። ነርሲንግ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ተማሪዎቹ ግን የሆስፒታሉን ፈረቃ እየሸፈኑ ዲፕሎማ መያዛቸው ቀጠለ። በአንጻሩ የዬል የነርሲንግ ትምህርት ቤት በ1923 በሮክፌለር ድጋፍ ሲመሠረት የራሱ ዲን፣ መምህራንና በጀት ነበረው። ዲኗ አኒ ጉድሪች ነበሩ፤ ሥልጠናውም 28 ወር ነበር። ከ1934 ጀምሮ ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ብቻ እየተቀበለ ወደ ነርሲንግ ማስተርስ አደገ። የድህረ ምረቃ ዘርፉ የበቀለው ሰዓቱና በጀቱ አስቀድሞ በተጠበቀበት ቦታ ነው።

በአገራችንም ማስረጃ አለ፤ ያውም ከላንሴት ኮሚሽን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይቀድማል። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ግቢ አሠለጠነ። ሦስቱም በጤና ጣቢያዎች በቡድን ሆነው እንዲሠሩ ታስበው ሲወጡ እያንዳንዱ የራሱ የሥልጠና መርሐ ግብር ነበረው። በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱን በቡድን ሥልጠና አጠናክሯል። አብሮ መሥራትን የተማሩት ሙያቸውን በማደብዘዝ አልነበረም።

በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ደግሞ ሁለት አገራዊ መንገዶችን እናውቃለን። በ1984 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሕዝብ ጤና ማስተርስ መሠረቱ የሕዝብ መረጃና ጥናት ነው፤ ለታለመለት ዓላማም ተገቢ ነው። በ2009 ለጤና መኮንኖች የተጀመረው የሦስት ዓመት የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማህፀንና ፅንስ ማስተርስ ግን የተገነባው በቁጥጥር ሥር በሚደረግ የክሊኒክ ሥራ ዙሪያ ነው። እናት በምጥ ላይ ሆና ቢላዋ የሚይዘው ሰው በምርጫ ኮርስ ሊሠለጥን እንደማይችል ሁሉም ተስማምቷል። ለነርሲንግ ዘርፍ ክለሳ አርአያ መሆን ያለበት ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

6. ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ መምህራን ጥቂት ናቸው፣ ገንዘብ የለም ይላል። ሆኖም የጋራ ኮርሶቹ በጋራ ይቀጥላሉና ተጨማሪው ወጪ በክሊኒክ መምህራን ላይ ብቻ ያርፋል። ለዚያ ወጪ የማይመድብ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ዘርፍ እከፍታለሁ ማለት አይገባውም።

ሁለተኛው የአገልግሎት ነው። ነርስ ባነሰበት ሆስፒታል ለተማሪ ሰዓት መተው ታካሚን መበደል ነው የሚሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 የዓለም የነርሶች እጥረት 5.9 ሚሊዮን መሆኑን ገልጿል፤ ስለዚህ እጥረቱ እውነት ነው። ሆኖም ተማሪን በፈረቃ መሙላት እጥረቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም፤ በ1920ዎቹ አሜሪካ የታየውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው የጎንደሩን ቡድን የመሩት ጤና መኮንኖች ነበሩ፤ ትምህርቱም ድህረ ምረቃ አልነበረም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነጥቤን ግን አይነኩም፤ ማስረጃውን ያቀረብኩት ስለ አመራር ሳይሆን ሙያዎች ሥርዓተ ትምህርታቸውን ሳይጥሉ አብረው ሊማሩ እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። የአይከን ጥናት የሚመለከተው የመጀመሪያ ዲግሪን መሆኑንም አውቃለሁ፤ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አቅጣጫው ግን የሚያጠራጥር አይደለም።

7. ክለሳው ምን ይያዝ?

የነርሲንግ ዘርፍ የሚጨምር ክለሳ ከኮርስ ዝርዝሩ በፊት አራት ነገር ማጽደቅ አለበት። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ማሠልጠኛ ሆስፒታሉና ተማሪዋን የላከው ቀጣሪ የሚፈርሙት የሰዓት ስምምነት ይኑር፤ በሳምንት ስንት ሰዓት የትምህርት እንደሆነ ይጻፍ፤ ያ ሰዓት ለፈረቃ መሙያ እንዳይውልም ይከልክል። ሁለተኛ፣ የክሊኒክ ሰዓት ከአገልግሎት ሰዓት ተለይቶ ይመዝገብ። በአሜሪካ ለነርስ ፕራክቲሽነሮች የሚጠየቀው ዝቅተኛ የክሊኒክ ሰዓት በ2022 ከ500 ወደ 750 ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት አጠገቧ ማን እንደቆመና ምን እንዳስተማራት መዝገቡ ማሳየት አለበት። ሦስተኛ፣ ከፍተኛ የአካል ምርመራ፣ ፓቶፊዚዮሎጂና ፋርማኮሎጂ ራሳቸውን የቻሉ የግዴታ ኮርሶች ይሁኑ፤ ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ ከሌሎች ዘርፎች ጋር በጋራ ይወሰዱ። አራተኛ፣ ዘርፉ ነርስ የሆነ ወይም የሆነች ኃላፊ፣ የራሱ የበጀት መስመርና በትምህርት ጉዳዮች ኮሚሽን ውስጥ ድምፅ ይኑረው።

እነዚህ ከሌሉ ክለሳው አዲስ የዲግሪ ስም ይሰጣል፤ የተማሪዋን ቀን ግን አይለውጥም። ጎልድማርክ የተነተኑት ስህተትም በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ይደገማል። የክለሳ ሰነድ የሚመረምር ሴኔት ስለዚህ የክሬዲት ሠንጠረዡን ከመክፈቱ በፊት የሰዓት ስምምነቱን ይጠይቅ፤ ስምምነቱ ያልተፈረመበትን ሰነድም ሳያጸድቅ ይመልስ።