ሞንትሪያል ላይ ያልሮጥነው ለማን ነበር?

ሆሳዕና ውስጥ አንድ አባት «ልጅዎ የት ነው?» ተብለው «ሳውዝ» ብለው ቢመልሱ ማንም አይገረምም። ከዱራሜ እስከ ሾኔ ስንቱ ቤት በራንድ እንደቆመ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ኦሊምፒክ ስጽፍ ደቡብ አፍሪካን ባነሳ ከርዕስ ወጣህ አትበሉኝ።

ነገሩ የተነሳው እዚሁ ከተማችን፣ ቡና ላይ ነው። የኢትዮጵያ ወርቆች እየተቆጠሩ ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም 1960 እና ቶኪዮ 1964፣ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ 1968፣ ከዚያ ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ 1980 ተባለ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጆሃንስበርግ የተመለሰ አንድ ጓደኛችን «መሀል ላይ ምን ሆነን ነው?» አለ።

ሙኒክ 1972 ላይ ሁለት ነሐስ አግኝተናል፤ ማሞ በማራቶን፣ ምሩጽ በ10 ሺህ ሜትር። ሞንትሪያል 1976 ግን ባዶ ነው። ተሸንፈን አይደለም። አልሮጥንም።

የዚያን ዓመት የሶዌቶ ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት በተገደሉ በሁለት ሳምንቱ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወት ጀመረ። አፍሪካውያን ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ትታገድ አሉ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት ስላልሆነ አያገባኝም አለ። ከ20 በላይ አገሮች ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ሙኒክ ላይ ለ5 ሺህ ሜትሩ ሰዓት ሳይደርስ የቀረው ምሩጽ፣ አራት ዓመት የጠበቀው ዕድል በዚህ መንገድ አመለጠው። ሁለቱንም ርቀት ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ወሰደ። ምሩጽ ሁለቱን ወርቅ ሞስኮ ላይ እስኪያገኝ ሌላ አራት ዓመት ጠበቀ።

ይህ የአንድ ቀን ቁጣ አልነበረም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ በ1957 ሲደረግ ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ቀረችና እኛ በቀጥታ ፍጻሜ ገባን። (በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን፤ እሱን እንለፈው።) ይድነቃቸው ተሰማ ከዚያ ጀምሮ በካፍም በኦሊምፒክ ኮሚቴም ውስጥ አፓርታይድን ሲታገሉ ኖሩ። ማንዴላም በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት አዲስ አበባ ነው።

የሎስ አንጀለስ 1984 እና የሴኡል 1988 መቅረት ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሦስቱንም አንድ ላይ «ፖለቲካ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል፤ እኔ አልስማማም። በ1984 ደርግ የሶቪየትን ጎራ ተከትሎ ቀረ፤ በ1988 ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር አበረ። የሴኡል ዓመት ሚያዝያ ላይ የጎረቤታችን የሲዳማ ልጅ በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ። ባለቤቱ ግን ሴኡል ላይ አልተሰለፈም። የሞንትሪያሉ የራሳችን አቋም ነበር፤ ይሄኛው የሰው ጠብ ነው፣ ሒሳቡን የከፈሉት ግን አትሌቶቹ ናቸው።

በ1992 ባርሴሎና ላይ ደቡብ አፍሪካ ከ32 ዓመት በኋላ ተመለሰች። የሴቶች 10 ሺህ ሜትር መጨረሻ ላይ ሁለት ሴቶች ብቻ ቀሩ፤ ደራርቱ ቱሉና ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር። ደራርቱ አሸነፈች፤ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

አፓርታይድ ሲወድቅ የእኛ ልጆች መንገድ ተከፈተ፤ በሞያሌ አድርጎ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ። በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። የደረሱትም በ2008፣ በ2015 እና በ2019 የውጭ አገር ሰው ይውጣ ሲባል ሱቃቸው ተዘረፈ። የሞንትሪያል ውለታ ይከፈለን ማለቴ አይደለም፤ ሶዌቶ ውስጥ ሥራ አጥ የሆነ የ20 ዓመት ወጣት ያኔ አልተወለደም። ግን ማን ነገረው? እኛስ ለልጆቻችን መች ነገርናቸው? ሜዳሊያ ስንቆጥር 1976ን ዘልለነው እናልፋለን።

ጓደኛችን ዘጠኝ ዓመት እዚያ ሲኖር ይህን ከማንም አልሰማም ነበር። የደራርቱንና የማየርን ፎቶ ስልኬ ላይ ሲያይ «ላክልኝ» አለኝ። ወንድሙ አሁንም ሶዌቶ ሱቅ አለው። እዚያው ቁጭ ብለን በዋትሳፕ ላከለት፤ «ፕሪንት አስደርገህ ካሽ መቀበያው ጎን ለጥፈው» ብሎ ጻፈበት።