ኒካህ በጅግጅጋ፤ የታሰረ ጋብቻ፣ ያልተከፈተ መዝገብ

ስለ ጋብቻ ሕግ በተነሣ ቁጥር፣ ሃይማኖታዊ ጋብቻ ከመንግሥት ሕግ ውጪ በዝምታ የታለፈ ልማድ ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። ታሪኩ የሚለው ሌላ ነው። በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ የሚታሰረው ኒካህ የሕግ ዕውቅና አልተነፈገም፤ የጎደለው መዝገብ ነው።

በሶማሌዎች ዘንድ የጸናው የሻፊዒ መዝሀብ እንደመሆኑ፣ ኒካህ የሚታሰረው የሙሽራይቱ ወሊይ ሲድርና ሁለት ምስክሮች ሲገኙ ነው። መህር የሴቲቱ የራሷ ሀብት ነው፤ በባህሉ የሙሽራው ወገን ለሙሽራይቱ ወገን የሚሰጠው ያረድ ደግሞ የዘመድ ድርሻ ነው። ወሊዩ እንቢ ያለ እንደሆነም ጥንዶቹ ርቀው ሄደው በሌላ ሼኽ ፊት የሚተሳሰሩበት «መሳፎ» የተባለ መንገድ አለ፤ ወሊይ በርቀት ላይ ሲሆን ቃዲ እንዲተካው መዝሀቡ ይፈቅዳልና።

የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የሙስሊሞችን ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ እንዲዳኙ የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶችን በ1936 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 62 ሲያደራጅ፣ ጅግጅጋ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙትን ሦስት የጋብቻ ዓይነቶች ተቀበለ። ይሁንና ይኸው ሕግ በመጨረሻ ገጾቹ፣ በአንቀጽ 3361፣ የክብር መዝገብ ድንጋጌዎቹ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠራባቸው አገደ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ መዝገቡ ግን እንደተዘጋ ቆየ። አዲስ አበባን የመሰሉ ከተሞች በማዘጋጃ ቤቶቻቸው የምስክር ወረቀት ሲሰጡ ኖረዋል። ሀገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004፣ ሥራው የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ!

ለመሆኑ የዚህን መዘግየት ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ቤት ሰላም ሳለ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ባል ሲሞት ወይም ሲክድ ግን የቀለብና የውርስ ጥያቄ ይነሣል፤ የማስረዳቱም ሸክም በሴቲቱ ላይ ይወድቃል። ሕጉ መዝገብ በሌለበት በአራት ምስክሮች ማስረዳትን ፈቅዷል። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈበት፣ በ1980ም ከሰሜን ሶማሊያ የተሰደደው ሕዝብ በሐርትሼክ በሰፈረበት ምድር ግን ምስክር ይሞታል፣ ይበተናል። በመሳፎ ያገባችው ሴትማ ምስክሮቿ ከመጀመሪያውም የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው።

የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ከተከራካሪዎቹ ፈቃድ ጋር አስተሳሰረ። ያለ ፈቃዳችን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተዳኘን ባሉ ወገኖች አቤቱታም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ይህንኑ አጸና። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገ፣ ማናቸውም ጋብቻ እንዲመዘገብም አዘዘ። ይሁንና የሚጸናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን እንዲያወጡ ተተወ። የሶማሌ ክልል ለረጅም ዓመታት የራሱን ሕግ ሳያወጣ በመቆየቱ፣ በድሬዳዋ የታሰረ ኒካህና ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው ሽንሌ የታሰረ ኒካህ በሁለት የተለያዩ ሕጎች ሥር ወደቁ።

ውድ አንባቢያን፣ ሼኹን ከመዝጋቢው ማጋጨት አያስፈልግም። ኒካሁ በሼኹ ፊት ይታሰር፤ አዋጁ በፈቀደው ሠላሳ ቀን ውስጥም የሙሽራይቱ ስም፣ ዕድሜና ፈቃድ በመዝገብ ይስፈር፤ የመህሯም ልክ በጽሑፍ ይያዝላት። ይህ ለእምነቱ ባዕድ አይደለም። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር ያዝዛል፤ ያልተከፈለ መህርም በባል ላይ ያለ ዕዳ ነው።